ወንፊት ነው ያልነው ከበሮ

ሰሞኑን ከቤቴ የምወጣው እንደ ሌባ ነው። መጀመሪያ ጆሮዬን በሩ ላይ እለጥፋለሁ። ደረጃው ላይ ኮቴ አለመኖሩን ካረጋገጥኩ በኋላ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ እወርድና ታች ስደርስ አጠልቃለሁ። ባለቤቴ ገነት ይህን እያየች «ሰውዬው አይበላህ!» ትለኛለች። ችግሩም እሱ ነው፤ አይበላኝም። ቢቆጣኝ፣ ቢሰድበኝ፣ ለቤቶች ማኅበሩ ቢከሰኝ እፎይ ባልኩ ነበር። እሱ ግን ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ራሱን በትሕትና ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። የሰው ትሕትና እንዲህ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር።

ወዳጆቼ፣ ያዋረደኝ አንድ ቃል ነው። ቃሉን እናንተም ታውቁታላችሁ። ይህን የምታነቡት ቤት ውስጥ ሆናችሁ ከሆነ ቀና በሉ፣ ከበላያችሁ አለ። ግን አትቸኩሉ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኔም ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

የምኖረው ኖርዌይ አገር፣ ግሮሩድ በሚባል ሰፈር ነው፤ ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው። መንገደኛ ገብቶ ፊቴን ሲያይ «ኤርትራ?» ይለኛል። ኤርትራዊ መሆን ነውር ሆኖ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ከጎኔ ቆሞ የሚያስቀድሰው የልብ ወዳጄ ኤርትራዊ ነው። እኔ ግን አይደለሁም። ስለዚህ ስብከቴን እጀምራለሁ። «ስብከት» የሚለውን ስም ያወጣችለት ገነት ናት። የራሳችን ፊደል አለን፣ የራሳችን የዘመን አቆጣጠር አለን፣ ዓመታችን አሥራ ሦስት ወር ነው፣ አዲስ ዓመት የሚብተው በመስከረም ነው እያልኩ አወርደዋለሁ። ከነጂው ጋር ማውራት ክልክል ነው የሚለውን ማስታወቂያ ሁልጊዜ የሚጥሰው ነጂው ራሱ ነው። አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ስብከቴን ሲያዳምጡ መውረጃቸው አልፏቸው ሮመን እስከሚባለው ፌርማታ ድረስ አብረውኝ ሄደዋል። ጨዋነት ይዟቸው እንጂ ወደው አይመስለኝም።

እንግዲህ ሰው በማንነቱ ሲጠራ ምን ያህል ደስ እንደሚለው፣ በሌላ ስም ሲጠራ ደግሞ ምን ያህል እንደሚከፋው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ልክ ከበላያችን ያለው ቤት ውስጥ ጃጎ የሚባል ሰው ይኖራል። ጡረታ የወጣ የመርከብ መካኒክ ነው። ኖርዌያዊት አግብቶ መጣ፤ እሷ ስትሞት እሱ እዚሁ ቀረ። በአማርኛ ቢሆን አንቱ የምለው ሽማግሌ ነው፤ ኖርዌጅኛ ግን ለሽማግሌውም ለሕፃኑም ያለው አንድ «ዱ» ብቻ ስለሆነ እኔም ድፍረቱን ለምጄዋለሁ። የተዋወቅነው ምድር ቤት ካለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ቫስከሪው ውስጥ ነው። ኖርዌጅኛው ከእኔ የባሰ ሆኖ ሳገኘው እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስንት ዓመት ስመኝ የኖርኩት ለካ ይህን ሰው ነበር።

«ከየት ነህ?» አልኩት፤ እኔን ሲጠይቁኝ የሚያንገበግበኝን ጥያቄ።

«ከኮርንዌል» አለኝ።

ካርታ እኮ አውቃለሁ። ኮርንዌል ማለት እንግሊዝ እግሯን ወደ ባሕሩ የዘረጋችበት ጫፍ ናት። «እንግሊዝ!» አልኩት፣ ክፍል ውስጥ ቀድሞ እጁን እንዳወጣ ተማሪ እየተቁለጨለጭኩ።

«ናይ፣ ናይ» አለና፣ አይደለም ማለቱ ነው፣ ደረቱን ነካ አደረገ። «እኔ ኮርኒሽ ነኝ።» ከዚያም የሚኖርበትን ፎቅ ሊያሳየኝ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሰማላችሁ? ማሽኑ ይጮኻል፣ ሰውዬው ጣቱን ሽቅብ ቀስሮ «እኔ ኮርኒስ ነኝ» ይላል። የእሱ ወለል የእኛ ኮርኒስ ነው፤ ነገሩ ሐሰት የለበትም። ቃሉንም ከፈረንጅ የተዋስነው ነው ሲባል ሰምቻለሁና ቢያውቀው አልገረመኝም። እንግሊዞች ደግሞ ሳይስቁ ይቀልዳሉ ይባላል። ስለዚህ እኔ ለሁለታችንም ሳቅሁለትና «ያ፣ ያ! ታክ!» አልኩት። በኖርዌጅኛ ኮርኒስ «ታክ» ይባላል። ምስጋናም «ታክ» ነው። አንዱ ረዘም ሌላው አጠር ይላል ይላሉ፤ የእኔ ምላስ ግን ሁለቱንም በአንድ ልክ ነው የሚሰፋቸው። እኔ «አዎ፣ ኮርኒስ ነህ» ስለው እሱ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ያልኩት መስሎት ፈገግ አለ። በዚሁ ተግባብተን ተለያየን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሙ ኮርኒሱ ሆኖ ቀረ። «ኮርኒሱ ተነሣ»፣ «ኮርኒሱ ዛሬ ምን ነክቶታል፣ ይራገጣል»፣ «ኮርኒሱ ቫዮሊኑን ጀመረ» እንላለን። ደረጃ ላይ ሳገኘው ደግሞ «ሄይ፣ እንግሊዙ!» እለዋለሁ። «ኮርኒሽ» ይለኛል። «ያ፣ ታክ!» እለዋለሁ። ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ቀልድ ስቄአለሁ መሰላችሁ። በየጊዜው የእሱ ፈገግታ እያጠረ መሄዱን አይቻለሁ፤ እርጅና ነው ብዬ ለእርጅና ሰጠሁት። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይላሉ፤ የእኔ ደግሞ ተዘግቶ አያውቅም።

ቫዮሊኑ መጀመሪያ ሰሞን ያስመርረን ነበር። እየቆየ ግን ለመድነው። በተለይ እሑድ እሑድ ሳያዛንፍ የሚጫወታት አንዲት ዜማ ነበረች፤ እግር ታነሣለች። ገነት ወጥ እያማሰለች ትከሻዋ ሲሰበቅ በዓይኔ ይዣታለሁ። «ማን? እኔ? ለኮርኒስ?» ብላ ካደች።

በረዶው እንደ ቀለጠ ሰሞን ልብሳችን እስኪደርቅ ቫስከሪው ውስጥ ተቀምጠን ስለዚያች ዜማ ጠየቅሁት። የመንደሩ ናት አለኝ። ያስተማረው አባቱ ነው። በዓመት አንድ ቀን አገሬው እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ረጅም ሰልፍ ሠርቶ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠማዘዘ፣ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው በር እየወጣ ይጨፍርባታል። እናቱ አርጅተው አልጋ ይዘዋል። እሑድ እሑድ የሚጫወተው በስልክ ለእሳቸው ኖሯል። እሳቸውም ባለቀ ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቁታል፦ «ማን እየጨፈረ ነው?»

«ታዲያ ምን ትላቸዋለህ?» አልኩት።

«እኔና ግድግዳው እላታለሁ» አለኝ። «እናቴ ሰው የማይጨፍርበት ዜማ የሟች ስም ነው ትላለች። ቋንቋችን አንዴ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ጥቂት እልኸኞች ናቸው ጎትተው የመለሱት። ዜማውንም እግር ካልረገጠው ይሄዳል። ለበጋው ድግስ፣ ለሶመርፌስቱ፣ ልጫወታት አስቤአለሁ። እናቴ በስልክ ትየው። ሰው ሲጨፍርባት አንድ ጊዜ ብቻ አይታ…» ብሎ አቋረጠው። ማሽኑ ጨርሶ ነበርና ተነሥቶ ልብሱን ማውጣት ጀመረ።

እኔ ደግሞ ሆዴ ቶሎ ነው የሚባባው። «ለእኔ ተወው!» አልኩት። «የመድረክ መሪውም እኔ፣ ጨፋሪም የማመጣው እኔ! ሀበሻ አምጥቼ አዳራሹን እሞላልሃለሁ።»

«ከበሮ የሚመታልኝስ አገኝ ይሆን?» አለኝ።

ከበሮ! ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ፣ ስለ ጠፍሩ፣ ስለ ትልቁና ትንሹ አፉ፣ ትርጉሙን ጭምር እያብራራሁ ልብሴን አጥፌ ጨረስኩ። በመጨረሻም «ከማን ጋር እያወራህ መሰለህ?» አልኩት። እውነቱን ለእናንተ ልናገር። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳለሁ ከበሮ ይዤ አላውቅም። መሪያችን እጄን አይቶ ከአጨብጫቢዎቹ ጋር ነበር ያቆመኝ፤ እሱንም ከኋላ።

ድግሱ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጃጎ በራችንን አንኳኳ። የሟች ሚስቱን እህት ሊጠይቅ በርገን ከተማ መሄዱ ነው፤ ታክሲ ይጠብቀዋል። በእጁ ክብ ነገር ይዟል። ዙሪያው እንጨት፣ አንድ ፊቱ በበግ ቆዳ የተወጠረ፣ ሌላው ፊቱ ክፍት ነው።

«የአያቴ ነው» አለኝ እየተጣደፈ። «ስሙ በእኛ ቋንቋ የቆዳ ወንፊት ማለት ነው። እርጥበት ጠላቱ ነው። ፀሐይ ሲወጣ አውጡልኝ፣ ሲዘንብ አስገቡልኝ። ውሃ እንዳይነካው!» ብሎኝ ደረጃውን ወረደ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ገነት።

«የኮርኒሱ ወንፊት ነው። ፀሐይ ላይ አስጡልኝ ብሏል።»

ገለባብጣ አየችው። «ወንፊት? ቀዳዳው የታል?»

«የፈረንጅ ወንፊት ነው» አልኳት። ባላወቅሁ ቁጥር የፈረንጅ ነው ማለት ልማዴ ነው።

እነሆ በዚያው ሳምንት ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የመጣልን በርበሬ ሻንጣ ውስጥ እርጥበት ገብቶበት ገነት ማስጫ አጥታ ስትቆዝም ነበር። እኔ ብልጡ ነገሩን አገናኘሁት። ወንፊቱ ፀሐይ ይፈልጋል፣ በርበሬውም ፀሐይ ይፈልጋል፤ አብረው ይሙቁ። «በሰው ዕቃ?» አለች። «ወንፊት ለምን ተሠራ?» አልኳት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው። በርበሬው ያን ቆዳ አልጋ አድርጎ ሰገነታችን ላይ ሰነበተ። ሲደርቅ ገነት ገልብጣ ጀርባውን በመዳፏ ድም ድም እያደረገች አራገፈችው። «ውይ፣ ድምፁ ሲያምር!» አለች። ይህን ሰምቼ እንኳ አልነቃሁም። ውሃ አይነካው ስለተባልን በደረቅ ጨርቅ ጠረገችውና «ቀላ እኮ ቆዳው» አለችኝ። «ፀሐይ መቶት ነው፤ ፈረንጅ አይደል?» አልኳት። በፌስታል ጠቅልለን አስቀመጥነው።

የድግሱ ቀን አዳራሹ ግጥም አለ። ጃጎ ከበርገን ተመልሷል፤ ገነትም ወንፊቱን በፌስታሉ ይዛለት መጥታለች። ቃሌን አክብሬ ያገኘሁትን ሀበሻ ሁሉ ሰብስቤአለሁ። ከዚህም አልፌ ለጃጎ ያልታሰበ ደስታ አዘጋጅቼለታለሁ። ከስፖርት ዕቃ መሸጫ ትልቅ የእንግሊዝ ባንዲራ፣ ነጭ ላይ ቀይ መስቀል ያለበትን፣ ገዝቼ መድረኩ ጀርባ ሰቅዬ በአንሶላ ሸፈንኩት። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ሲባል ሰምቼ እስቅ ነበር እኮ።

የእናቱ ፊት ጠረጴዛ ላይ በቆመው ስልክ ውስጥ ይታያል። ነጭ ፀጉራቸው ተበጥሮ፣ ትራስ ተደግፈው ይጠብቃሉ። ድምፃቸው ለሁሉ እንዲሰማ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር ያገናኘሁት እኔው ነኝ።

የቤቶች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቱሪድ ማይክሮፎኑን ያዘች። ደግ ሴት ናት። «ፕሮግራሙን የሚመራልን ከኤርትራ የመጣው ወዳጃችን ነው» አለች። ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ጃጎ ከወንበሩ ተነሣ።

«ኢትዮጵያ ነው፣ ቱሪድ» አላት በዚያ በተሰባበረ ኖርዌጅኛው። «የራሳቸው ፊደል አላቸው። የራሳቸው ዘመን አቆጣጠር አላቸው። አሥራ ሦስት ወር። አዲስ ዓመት በመስከረም።»

ስብከቴ ነው! አንድ ነገር ሳይቀር ይዞታል። እኔ ቫስከሪው ውስጥ ካልሲ እያጠፍኩ ስለፈልፍ ሰውዬው ለካ ያዳምጠኝ ኖሯል። ሀበሾቹ አጨበጨቡ። ደረቴ ተነፍቶ፣ ልቤ በወዳጅነት ሞልቶ ማይክሮፎኑን ተቀበልኩና «አሁን ደግሞ» አልኩ፣ «ከታላቋ እንግሊዝ የመጣው እንግሊዛዊው ጎረቤታችን!» አንሶላውን ሳብኩት።

ከድምፅ ማጉያው የአሮጊት ድምፅ ወጣ።

«ጃጎ፣ የማን ቤት ነው ያለኸው?»

ጃጎ ወደ ባንዲራው ሄደና በጥንቃቄ አወረደው። እንደ ሰው ንብረት በአራት አጥፎ እጄ ላይ አኖረልኝ። «እንግሊዛዊ መሆን ነውር አይደለም» አለ ዝግ ብሎ። «ብዙ ወዳጆች አሉኝ እንግሊዞች። እኔ ግን አይደለሁም። ኮርኒሽ ነኝ።» ቃል በቃል የእኔው ንግግር! ያን ጊዜ ነው ያ ቃል ከቤታችን ጣራ ሥር ወጥቶ ጆሮዬ ውስጥ በትክክል የገባው። ኮርኒሽ፣ የራሱ ቋንቋ ያለው የኮርንዌል ሰው። ጆሮዬ እስከ ሥሩ ነደደ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ፤ የአዳራሹ ወለል ግን ኮንክሪት ነው።

ማፈሬን ጨርሼ እንኳ አልቻልኩም። ጃጎ ገነትን «አምጪልኝ» አላትና ፌስታሉን ፈታ። የቆዳውን ወንፊት አውጥቶ ከዱላ ጋር ለእኔ ዘረጋልኝ። «ከበሮው ይኸውልህ» አለኝ።

ገነትን አየኋት። ገነት አየችኝ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር የሚለውን ተረት የተናገረ ሰው በርበሬ ያለበትን ከበሮ አልያዘም። ለጃጎ በጆሮው ልነግረው ነበር፤ እሱ ግን ቫዮሊኑን አገጩ ሥር ከቶ ዓይኑን ጨፍኗል። እናቱ ከስልኩ ውስጥ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ቀስ አድርጌ ነካ ባደርገውስ ብዬ ዱላውን አነሣሁ።

ድም! ከእንጨቱና ከቆዳው መጋጠሚያ፣ ከየስንጥቁ፣ ቀይ ጭስ ተነሣ። መጀመሪያ እኔን አገኘኝ፣ ቀጥሎ ጃጎን፣ ከዚያ ከፊት የተቀመጡትን። ቱሪድ አስነጠሰች። የማስነጠስ ነገር ደግሞ እንደ ማዛጋት ነው፤ ከፊት ወንበር ጀምሮ እስከ ኋላ ተቀባበሉት። ልተው ስል ጃጎ፣ ከጨፈነው ዓይኑ እንባ እየወረደ፣ ራሱን ነቅንቆ «ቀጥል» አለኝ። ቀጠልኩ። በመታሁ ቁጥር ይጨሳል፣ በጨሰ ቁጥር አስነጥሳለሁ፣ ባስነጠስኩ ቁጥር እጄ ይወድቃል። በሕይወቴ ምት የጠበቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም በአፍንጫዬ መሪነት።

ሰዎቹ ዓይናቸው ሲቃጠል ውሃ ፍለጋ ተነሡ። ማየት የማይችል ሰው የፊቱን ሰው ይይዛል። ቱሪድ የአንዱን ሀበሻ እጅ ያዘች፣ እሱ የገነትን፣ ገነት የሌላውን፤ ረጅም ሰልፍ ሆኑና በጎን በር ወጡ። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ሰው ስላለ በኮሪደሩ ዞረው በሌላው በር ተመልሰው ገቡ። ወንበሮቹ መሐል ተጠማዘዙ። የሚያቃጥለው ሰው ባለበት አይቆምም፤ አንዱን እግሩን ጥሎ አንዱን ያነሣል። ገነት «ኡኡ! ዓይኔን!» እያለች ስትጮኽ ከኋላ የነበሩ፣ በርበሬው ያልደረሳቸው ሴቶች የደስታ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት።

«ጃጎ!» አለ ከድምፅ ማጉያው። «ጃጎ፣ እየጨፈሩ ነው!»

ከዚያ አሮጊቷ በቋንቋቸው መዝፈን ጀመሩ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ይንቀጠቀጣል፤ ዜማውን ግን አልለቀቁትም። ጃጎ ዓይኑን ገልጦ ስልኩን አየ፣ ሰልፉን አየ፣ መልሶ ጨፈነ። እንባው የበርበሬ ይሁን የሌላ እኔ አልለየሁም። ወደው አይስቁ አሉ፤ አዳራሹ በሙሉ እያለቀሰ ይስቅ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃልኝ ዛሬ ጫማዬን አድርጌ ከቤቴ በወጣሁ።

ኋላ ላይ ጃጎና እኔ ቫስከሪው ውስጥ ጎን ለጎን አጎንብሰን ፊታችንን ስንታጠብ በርበሬውን ተናዘዝኩለት። እስኪያስለው ሳቀ። ፎጣውን ፊቱ ላይ እንዳደረገ ደግሞ «እናቴ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» አለኝ። «እነዚህ ሰዎች ማን እንደ ሆንክ ያውቃሉ ወይ አለችኝ። ከታች ያሉት ያውቃሉ አልኳት። ወለሉ ቀጭን ነው፣ ሁሉ ነገር ይሰማኛል። ኮርኒሽ እንዲህ፣ ኮርኒሽ እንዲያ ስትሉ እሰማለሁ። በዚህ አገር ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ የሚጠራኝ ሌላ ሰው የለም። መሸት ሲል ያንን እሰማና ቫዮሊኔን አነሣለሁ።» ፎጣውን አወረደ። ዓይኑ ቀልቷል። «አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ቤታችሁ ውስጥ በትክክል ትጠሩኛላችሁ። ሰው ፊት ለምን እንግሊዝ አልከኝ? ታፍርብኛለህ?»

ውሸት ቀርቦልኝ ነበር። ይቅርታ፣ ደንግጬ ነው ብል አለቀ። እሱ ግን አሥራ ሦስቱን ወር ሳይቀር በቃሉ የያዘልኝ ሰው ነው። ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ።

«ታክ» አልኩት።

«ምንም አይደል» አለኝ፤ ያመሰገንኩት መስሎት።

«ናይ፣ ያኛው ታክ አይደለም» አልኩት። «ይህ፣ ከላያችን ያለው። በእኛ ቋንቋ ይህ ኮርኒስ ይባላል። አንተ በላያችን ስለምትኖር…»

ጃጎ ቀና ብሎ የቫስከሪውን ኮርኒስ አየው። ቧንቧዎቹን፣ ቀለሙ የተላጠበትን፣ ሁሉንም አየው።

«እኔ ደግሞ ስሜን የሚያውቅ አንድ ቤት አለ ብዬ ነበር» አለ።

ፎጣውን አጥፎ ወጣ። ከበሮውን እኔው ጋ ረስቶት ሄደ። ረስቶት ይሁን ትቶልኝ አላውቅም፤ ገነት ወጥታ በሩ ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ ወዲህ ከላይ ድምፅ የለም። እሑድ ይመጣል፣ እሑድ ይሄዳል፣ ኮርኒሱ… እንግዲህ የእንጨቱን ማለቴ ነው፣ ኮርኒሱ ዝም ብሏል። ገነት ወጥ ስታማስል ትከሻዋ አይንቀሳቀስም። እሷ አልወቀሰችኝም፤ ባትወቅሰኝም ቀና ብላ ታይና እኔን ታያለች። እንደዚያ ከምታየኝ ማማሰያውን ብትወረውርብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዴ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። እዚያው ጆሮዬ ላይ! ማምለጫ የለም፣ ከፈትኩ። ጃጎ ቆሟል። ከበሮውን በብብቱ ይዟል። ፊቱ ላይ የሳቅም የቁጣም ምልክት የለም።

«እናቴ የዚህ ወንፊት ሥራ ይኸው ነው ብላለች» አለኝ። «የእሷም እናት በአዘቦት ባቄላ ታሰጣበት ነበር። ስለ በርበሬው ይቅር ብላሃለች።» ትንፋሹን ሳበ። «በሌላው፣ በስሜ ነገር ግን እሷ አያገባትም፤ እሱ የእኔ ነው። እሑድ ከበሮ መቺ እፈልጋለሁ። ትመጣለህ፣ አንተ ኤርትራዊ?»

አፌ ብቻውን ተከፈተ። ፊደሉ፣ ዘመን አቆጣጠሩ፣ አሥራ ሦስቱ ወር፣ መስከረሙም ሳይቀር ተሰልፈው ጉሮሮዬ ድረስ መጡ። ከኋላዬ ገነት ጉሮሮዋን ጠረገች።

አንድ በአንድ መልሼ ዋጥኳቸው።

«ያ» አልኩት አንገቴን ደፍቼ፣ «እመጣለሁ።»